የጌጡ ክንድና የአያቱ ክስ

አቶ ይግዛው ክስ ይወዳሉ ማለት ሐሜት ይሆናል፤ ፍርድ ይወዳሉ ቢባል ግን እሳቸውም አይክዱም። ከወሎ ተነሥተው በሠፈራ ጋምቤላ ከገቡ ጀምሮ፣ መንደሮች በስም ሳይሆን በቁጥር በሚጠሩበት በዚያ በአቦቦ በኩል፣ ፍየል የሰው በቆሎ ብትበላ፣ ባልና ሚስት ቢኳረፉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በማሳ ወሰን ቢጣላ፣ ሳይጠሩ ደርሰው ነገሩን የሚመረምሩት እሳቸው ነበሩ። ጋምቤላ ክልል ተብላ የራሷን ምክር ቤትና ቢሮዎች ካቋቋመች ወዲህማ ደስታቸው ልክ አጣ። ድሮ አቤት ለማለት መቱ ድረስ ይኬድ የነበረው፣ አሁን ጠዋት በጭነት መኪና ተነሥቶ ምሳ ሳይደርስ የሚገባበት ሆነ። እሳቸውም ለዚህ ቢሮ የሚመጥን ጉዳይ አንድ ቀን ይገጥመኛል ብለው ሲጠብቁ ከረሙና በጥር ወር ገጠማቸው።

ከሳሹ እሳቸው፣ ተከሳሿ የመንደሩ ክሊኒክ አዋላጅ ሲስተር አሪየት፣ ማስረጃው ደግሞ ገና ክርስትና የተነሣው የልጅ ልጃቸው ጌጡ ነበር። በትክክል ለመናገር ማስረጃው የጌጡ መቀመጫ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው እታገኝ የበኩር ልጇን ኅዳር ውስጥ በክሊኒኩ ስትወልድ፣ እናቷ ወይዘሮ ሺታዬ በበሩ ሽንቁር ሲያጮልቁ አዋላጇ ሕፃኑን በእግሩ አንጠልጥላ መቀመጫውን በጥፊ ስትመታው አዩ። ማታ ቤት ገብተው ከጨርቁ ሲፈቱት ከወገቡ እስከ መቀመጫው ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት ተጋድሞበታል። አቶ ይግዛው ይህን አይተው ተቆጡ። ገና ዓለምን ሳያይ በዱላ ተቀበሉት፣ ይህን ያደረገችው ሴት ፍርድ ሳታገኝ አትቀርም ብለው ማሉ። ክርስትናው እስኪያልፍ ብቻ ታገሡ።

እታገኝን የሚያስጨንቃት ግን ሌላ ነገር ነበር። የጌጡ ግራ ክንድ አይነሣም። ቀኙ ሲወራጭ ግራው ከጎኑ ተዘርግቶ፣ መዳፉ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀራል። ይህን ለአባቷ ደጋግማ ነግራቸዋለች፤ እሳቸውም ሲያድግ ይጠነክራል እያሉ መልሰዋታል። እንዲጠነክር ተብሎም ክንዱ ከገላው ጋር በመቀነት ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር ነበር። ለማንኛውም የመንደሩ ወጌሻ እሑድ መጥቶ ስቦ እንዲያስገባው ተቀጥሯል። ባሏ አራጋው በአልዌሮ ግድብ በኩል የእርሻ ሥራ ላይ ስለ ነበር፣ እናት ስለ ክንዱ እያሰበች፣ አያት ስለ መቀመጫው ሊከሱ፣ ሁለቱ ሕፃኑን ይዘው ከበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ወደ ጋምቤላ ተነሡ።

መንገዱ ከተጋመሰ በኋላ የመኪናው የኋላ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ወንዶሰን ወርዶ አየና ተሳፋሪው ሁሉ እንዲወርድ ለመነ፤ ትርፍ ጎማውም መጠገን የሚያሻው ስለ ነበር መቆየታቸው ታወቀ። ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ትፋጃለች። መንገድ ዳር አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ስለ ነበረ ሁሉም ከሥሩ ተጠለሉ። አቶ ይግዛው ሰው በተሰበሰበበት ዝም ማለት አይሆንላቸውምና ወንዶሰንን ስለ ፍትሕ ቢሮ ይጠይቁት ጀመር፤ የት ነው፣ ማንን ነው የሚያናግሩት፣ አቤቱታው በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል። ወንዶሰን ከክሪኩ ላይ ቀና ብሎ ሣቀና ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀምጣ የመጣችውን ወጣት አሳያቸው።

«አባባ፣ ቢሮው እኮ አብሮዎት እየሄደ ነው» አላቸው።

ወጣቷ አጅዋንግ ትባላለች። የኢታንግ ወረዳ ልጅ፣ አኙዋክ ናት። አዲስ አበባ ሕግ ተምራ ተመልሳ በክልሉ ፍትሕ ቢሮ ዐቃቤ ሕግ ሆና ትሠራለች፤ አቦቦ የሄደችውም ለሥራ ነበር። አማርኛዋ የትምህርት ቤት አማርኛ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ረጋ ብላ፣ ከነሙሉ ልብሱ ታወጣዋለች። አቶ ይግዛው ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። ዐቃቤ ሕግ ሲባል በሐሳባቸው ይመጣባቸው የነበረው ከረባት ያሰረ ሽበታም ሰው ነበር። ቢሆንም ከእጅ የገባን ዕድል የሚያስመልጡ ሰው አይደሉም።

«ልጄ፣ የተማርሽ ከሆንሽ ልጠይቅሽ» አሏት። «የተወለደ ሕፃን የሚመታ ሰው በሕግ ምን ይደረጋል?»

«ሕፃን የመታ ሰውማ ይጠየቃል አባባ። ማን መታብዎት?»

የጠበቁት ጥያቄ ስለ ነበር ከመጀመሪያው አንሥተው ተረኩላት፤ የበሩን ሽንቁር፣ ጥፊውን፣ የወይዘሮ ሺታዬን ለቅሶ፣ ምንም አልቀረም። ሲጨርሱም እታገኝን ገልጠሽ አሳያት ብለው አዘዟት። ማስረጃው ከዛፉ ጥላ ሥር ተገለጠ። ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አጅዋንግ ጎንበስ ብላ አየችና በጣቷ ቀስ አድርጋ ጫን አለችው፤ ጌጡ ግን ጡቱን እየጠባ ከቁብም አልቆጠራት።

«አባባ፣ እርስዎ በልዞብዎት ያውቃል?» አለቻቸው።

ይህም ቢሆን የሚወዱት ወሬ ነው። አንድ ጊዜ በሬ ጭናቸውን ረግጧቸው ነበር። መጀመሪያ እንደ ጥላሸት ጠቆረ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ሆነ፣ ኋላ እርድ የነሰነሱበት መሰለ፣ ሦስተኛ ገበያ ሳይውል ደብዛው ጠፋ ብለው አስረዷት። አጅዋንግ ሳታቋርጥ አዳመጠቻቸው።

«የጌጡስ ቀለሙን ለውጧል?»

መልሱ ከእታገኝ መጣ። «የተወለደ ዕለት እንደ ነበረው ነው» አለች።

አቶ ይግዛው ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ገባቸው፤ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። የሕፃን ገላ ለስላሳ ስለ ሆነ ይዞ ይቆያል አሉ። የተማረ ለተማረ ያደላል ሲሉም ጨመሩበት። አጅዋንግ አልተቆጣችም። ከግንዱ ተደግፋ ልጇን ታጠባ የነበረችን አንዲት አኙዋክ እናት ዞር ብላ በቋንቋቸው አነጋገረቻት። ሴትዮዋም ፈገግ አለችና ሕፃኗን ገልብጣ አሳየች። ያው ሰማያዊ ጥቁረት፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ እንዲያውም ከጌጡ ሰፋ ብሎ ተቀምጧል።

«ይህች ልጅ የተወለደችው ባሮ ዳር፣ ከአያቷ ጎጆ ውስጥ ነው» አለች አጅዋንግ። «ነርስ የሚባል አልነካትም። እሷንስ ማን መታት እንበል?»

ተሳፋሪው ሣቀ። አቶ ይግዛው ጢማቸውን ማሸት ያዙ። ያን ጊዜ እታገኝ ዓይኗን ከልጇ ሳታነሣ፣ «አባዬ፣ እማዬ የኔን ምን ትለው ነበር? ወገብሽ ላይ ማርያም ስማሻለች ትለኝ አልነበረም?» አለች።

አስታወሱ። ከልጆቻቸው አብዛኞቹ ይህን ምልክት ይዘው ተወልደው፣ ድክ ድክ ማለት ሲጀምሩ እየደበዘዘ ጠፍቶላቸዋል። እቤት የተወለዱት ሁሉ ማርያም የሳመቻቸው ነበሩ። ጌጡ ክሊኒክ በመወለዱ ብቻ ማርያም ቀርታ ሲስተር አሪየት ተተካች። እንዲህ ያለው ስሕተት ከአቶ ይግዛው ብቻ አይደርስም፤ አዲስ ነገር የመጣበት ሰው ሁሉ፣ ቤቱ ውስጥ የኖረውን አሮጌ ነገር ሳይቀር ከአዲሱ ጋር የመጣ ይመስለዋል። እሳቸው ግን በሰው ፊት መረታቱ አሳፈራቸውና ሌላ መውጫ ፈለጉ።

«እሺ፣ ምልክቱ የጥፊ አይደለም ልበል። ጥፊውን ግን ሺታዬ በዓይኗ በብረቱ አይታለች።»

«ጥፊው እውነት ሊሆን ይችላል» አለች አጅዋንግ። «ለምን እንደ መታችው ግን ጠይቃችኋል? ልጁ እንደ ወጣ አልቅሶ ነበር?»

አባትና ልጅ ተያዩ። እታገኝ ስለ ምጧ ለአባቷ አንዲት ቃል ነግራ አታውቅም፤ በእነሱ ቤት የሴት ጉዳይ የሴት ብቻ ነው። አሁን ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተናገረች። የልጁ ራስ ከወጣ በኋላ ትከሻው አልመጣ ብሎ ነበር። ሲስተር አሪየት ብቻዋን ነበረች፤ ላቧ እየተንጠባጠበ አንዴ የእታገኝን እግር ታጥፋለች፣ አንዴ የልጁን ራስ ይዛ ትስባለች። በመጨረሻ ሲወጣ ተዝለፍልፎ ነበር፣ ትንፋሽም አልነበረው። የተመታው ያን ጊዜ ነው፤ ያለቀሰውም ከዚያ በኋላ ነው።

«እኔን የከነከነኝ ጥፊው አይደለም አባዬ» አለች። «የክንዱን ንገራት።»

አቶ ይግዛው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«እሱ የእግዜር ሥራ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የእግዜር ሥራ ይከሰሳል?»

እውነቱን ለመናገር ስለ ክንዱ ፈርተው ነበር። ገበሬ ናቸው፤ አንዱ እጅ እርፍ ሲይዝ ሌላው ጅራፍ እንደሚይዝ ያውቃሉ። ጌጡን በተኛበት ባዩት ቁጥር በሐሳባቸው ማሳ ዳር ቆሞ ሌላው ሲያርስ የሚያይ ጎልማሳ ይመጣባቸውና ዓይናቸውን ይመልሳሉ። የሚያስፈራቸውን ነገር ትተው የሚያናድዳቸውን ይዘው ጋምቤላ ድረስ የተነሡት ለዚህ ነበር። ይህን ግን ለማንም፣ ለራሳቸውም ጭምር፣ አልተናገሩም።

አጅዋንግ መቀነቱ እንዲላላ ጠየቀች። የታሰረው ክንድ ተፈቶ ከጎኑ ወደቀ። ጣቷን በትንሿ መዳፍ ውስጥ ብታስገባ ጌጡ ደከም ባለ አያያዝ ጨበጣት። ፊቷ ላይ ደስታና ሐዘን አንድ ላይ ታዩ።

«ወንድሜ ኦሉም እንዲህ ሆኖ ነው የተወለደው» አለች። «ቤተሰቤ እንደ እርስዎ ነው ያለው፤ ሲወለድ የተሰጠው ነው አሉ። ከዚያ አጥንት የሚያሽ ሰው ተጠርቶ ጎተተው፤ ሲያብጥ ጊዜ ሰጥተው ደግመው ጎተቱት። ዛሬ ሙሉ ሰው ነው። ባሮ ላይ ጓደኞቹ መረብ ሲወረውሩ እሱ ታንኳ ይቀዝፋል፣ በአንድ እጁ። ሥራውን አይጠላም፤ ግን መረቡ ሲወረወር ፊቱን ያዞራል። አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ሐኪም ጠየቅሁ። ሲወለድ የትከሻው ነርቭ ተለጥጦ ነው፣ ገና በጨቅላነቱ ብታመጡት ኖሮ ይድን ነበር ይሆናል፤ እንዲህ ያሉ ብዙ ልጆች ይድናሉ አለኝ። እኛ ለመጠየቅ ሃያ ዓመት ቆየን።»

ማንም አልሣቀም። አቶ ይግዛው ግን ስለ ወጌሻቸው መከራከር ጀመሩ፤ እጁ የተባረከ ሰው ነው፣ የተሰበረ እግር መልሷል፣ እሑድ ይመጣል። አጅዋንግ ወጌሻውን አላንኳሰሰችም።

«መልካም ሰው መሆኑን አምናለሁ። ግን የጌጡ ሕመም አጥንት መሆኑን ማን አረጋገጠ? አጥንት ከሆነ ሆስፒታል በራጅ ፎቶ ይታያል። ነርቭ ከሆነ ደግሞ በጎተቱት ቁጥር ይብስበታል። ሳያዩ ከመጎተት አይቶ መጀመር አይሻልም ወይ አባባ?»

«ይሻላል» አሉ በግድ። ከዚያም ሠርጉ እንደ ተሰረዘበት ሰው ድምፃቸው ቅዝዝ ብሎ፣ «ታዲያ ክሱ ቀረ ማለት ነው?» አሉ።

አጅዋንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች። ክሱ የተነሣበት ቦታ እንጂ መጠየቁ አልተሳሳተም አለቻቸው። ከዚያም የማንጎው ጥላ ችሎት ይመስል ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። አቶ ይግዛው እንደ ልማዳቸው ጣልቃ እየገቡ ጠየቁ፤ እሷም ሳትሰለች መለሰች።

«ከሁሉ አስቀድሞ ሕክምናው ነው፤ እሱ የማንንም ውሳኔ አይጠብቅም» አለች። «ቀጥሎ ደግሞ ይጠይቁ። እታገኝ በምጧ ጊዜ ምን እንደ ሆነ፣ ልጇ ለምን እንደ ተጎዳ ክሊኒኩ ሊነግራት ይገባል። መልሱ ካላጠገባችሁ ለጤና ቢሮ አቤት ይባላል፤ ቢሮው ባለሙያ ልኮ ያስመረምራል።»

«ምርመራ ምን ያደርጋል? ክንዱ ተጎድቷል፤ የሳበችው እሷ ናት። ነገሩ ግልጽ ነው።»

«አይደለም አባባ። ጉዳት ሁሉ ጥፋት አይደለም። ትከሻ ሲያዝ ሕፃኑ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አዋላጇ የምታስብበት ጊዜ የላትም። ሙያዋ የሚያዝዛትን አድርጋ ክንዱ ቢጎዳ፣ ነፍሱን ያተረፈችው እሷ ናት። ግን ማድረግ የሚገባትን ትታ ከሆነ፣ ወይም ጉዳቱን አውቃ ከደበቀች፣ ያኔ ኃላፊነት ይመጣል። የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው ምርመራው ነው።»

«ጥፋት ሆኖ ቢገኝስ?»

«አባቱ በልጁ ስም ፍርድ ቤት ቀርቦ ካሳ ይጠይቃል፤ ለሕክምናው፣ ክንዱም ሳይመለስ ቢቀር ለሚያጣው ሁሉ። ለዚህ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ሲያድግ እናያለን እያላችሁ ዝም ካላችሁ ጊዜው ያልፍና፣ ተከሳሹ ዘግይታችኋል ብሎ ይረታችኋል።»

አቶ ይግዛው ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁን የሚናገሩት እንደ ከሳሽ አልነበረም።

«ልጄ፣ አንቺ ከተማ ነው የምትኖሪው። ሲስተር አሪየት ጎረቤቴ ናት፤ ውኃ የምንቀዳው ከአንድ ጉድጓድ ነው። ሰው ደግሞ ወሎዬው አኙዋኳን ከሰሰ ይላል። ሽማግሌ ተቀምጦ ይቅር ብንባባል አይሻልም?»

«ሽማግሌ መልካም ነው፤ እኔም የሽማግሌ ልጅ ነኝ። ነገር ግን ይቅር የምትሉት የእናንተን ቅያሜ ነው። ክንዱ የጌጡ ነው። እሱ ገና መናገር ሳይችል ትልልቆቹ ተቃቅፈው መብቱን እንዳይለቁበት፣ እርቁ በጽሑፍ ይሁን፣ ሕግ የሚያውቅ ሰውም ይየው። ደግሞ መጠየቅ ጠብ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ሊከሷት የተነሡት እኮ በሌለ ነገር ነበር። ቢሮ ገብተው ያንን ሰማያዊ ምልክት ቢያሳዩ የቢሮው ሰዎች ሥቀው ይመልሱዎታል፤ ነገ ስለ ክንዱ ሲመጡ ደግሞ ያ የመቀመጫው ሽማግሌ ተመልሶ መጣ ይሉዎታል። እውነተኛው አቤቱታ እንዲያ ሆኖ ይጠፋ ነበር።»

ከተነገረው ሁሉ አቶ ይግዛውን ዘልቆ የነካቸው ይህ ነው። ፍርድ አዋቂነታቸውን በሚያከብር ሰው ፊት አርባ ዘመን ቆመው፣ በስተርጅና የመቀመጫው ሽማግሌ መባል ሞት ሆኖ ታያቸው። ይህ ትንሽ ምክንያት ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ግን ሰው በትንሽ ምክንያትም ወደ ትልቅ ነገር ይገባል። ወንዶሰን ጎማው ተጠገነ ብሎ ሲጣራ፣ እታገኝ ልማድ ሆኖባት የጌጡን ክንድ መልሳ ልታስር መቀነቱን አነሣች። አቶ ይግዛው ከእጇ ተቀበሏትና አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ሆስፒታል አድርሰን» አሉ ወንዶሰንን። «ቢሮው አይሸሽም።»

ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ረጋ ያለ ሐኪም ጌጡን መረመረ፣ ፎቶም አስነሣው። አጥንቱ ደኅና ነበር። ከአንገት ወደ ክንድ የሚሄደው ነርቭ በወሊድ ጊዜ ተለጥጧል፤ ጣቶቹ መጨበጣቸው ግን ጥሩ ምልክት ነው አለ። ክንዱ እንዳይታሰር፣ እንዳይጎተት፣ ማንም በወጌሻ እንዳይነካው አስጠነቀቀ። ከዚያም እታገኝን አጠገቡ አቁሞ ትከሻውን፣ ክርኑን፣ አንጓውን በየቀኑ በዝግታ እንዴት እንደምታንቀሳቅስለት አስተማራት። አቶ ይግዛው ስለ ጥፊው መጠየቅ አልቀረላቸውም። ሐኪሙም ትንፋሽ ያጠረውን ሕፃን መምታት የቀድሞ ልማድ እንደ ሆነ፣ ገላውን በደረቅ ጨርቅ አድርቆ ጀርባውን ማሸት እንደሚበቃ፣ ሰማያዊው ምልክት ግን ከዚህ ሁሉ ጋር እንደማይገናኝ ነገራቸው። እሳቸውም ያንን እንኳ አውቀናል ብለው መለሱ።

አራጋው ከእርሻው ተጠርቶ መጣና በልጁ ስም ለጤና ቢሮ አቤት አለ። አጅዋንግ ቃሉን እንዲያሳጥር ረዳችው፤ አማቱ ቢጽፉት ኖሮ ከፍጥረት መጀመሪያ ይነሣ ነበር። መርማሪዎቹ ወደ መንደሩ በመጡ ቀን ሲስተር አሪየት ከክሊኒኩ ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ፣ ከአቶ ይግዛው ፊት ለፊት ተቀመጠች። የሆነውን ሁሉ እታገኝ እንደ ተረከችው ተረከች። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«ክንዱን ያን ዕለት አይቼዋለሁ» አለች። «በራሱ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ብናገር ደግሞ በእኔ ይላከካል ብዬ ፈራሁ።»

ሁሉም አቶ ይግዛው እንዲቆጡ ጠበቀ። እሳቸው ግን ዱላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አውርደው መሬት አስቀመጡት።

«እኔም አይቼዋለሁ» አሉ። «እኔም ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ሁለታችን ስንፈራ ልጁ ታስሮ ከረመ።»

ቢሮው በመጨረሻ የሰጠው ውሳኔ ይህ ነበር። ምጡ ከባድ ስለ ነበር በአወላለዱ ላይ ጥፋት አልተገኘም፤ ጉዳቱን አይታ ለቤተሰቡ አለመንገሯና ወደ ሆስፒታል አለመላኳ ግን ጥፋት ነው። አዋላጇ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፣ ትከሻው የተያዘ ልጅ እንዴት እንደሚወጣ ተጨማሪ ሥልጠና ወሰደች፣ ብቻዋን እንዳትሆንም አንድ ረዳት ተመደበላት። የጌጡ ሕክምናና የመመላለሻው ወጪም በክሊኒኩ በኩል እንዲሸፈን ተወሰነ። አራጋው የፍርድ ቤቱን መንገድ አልዘጋውም፤ ክንዱ እስኪታይ ይቆየኝ ብሎ ጊዜውን እያሰበ ጠበቀ። ከሲስተር አሪየት ጋር የተኳረፈ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ክንዱን ለማንቀሳቀስ እታገኝ ስትሰንፍ እየመጣች የምታንቀሳቅሰው እሷ ሆነች።

ወራቱ ቀላል አልነበሩም። ጥር አልፎ የካቲት፣ መጋቢት አልፎ ሚያዝያ ሲገባ ክርኑ ትንሽ መታጠፍ ጀመረ፤ ትከሻው ግን እንደ ሰነፈ ነበር። ወይዘሮ ሺታዬ ወጌሻውን ለማስጠራት ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ አቶ ይግዛው ሁለቱንም ጊዜ ከበር መለሱት፣ ደግሞም ቅር እንዳይለው ጠላ አጠጡት። ግንቦት ላይ ማንጎ ደረሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያትየው ጌጡን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ማንጎ ሲልጡ፣ ሕፃኑ በቀኝ እጁ የአያቱን ጣት እንደ ያዘ ነበርና፣ ግራ ክንዱ ከጎኑ ተነሣ። ተንቀጠቀጠ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ እንደገና ተነሣና ማንጎውን ነካው። አቶ ይግዛው ቢላዋውን ጣሉት። ሺታዬን ሲጣሩ እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ይወርድ ነበር። ጌጡ ማንጎውን ያዘውና በጭማቂው ገላውን አጨማለቀ።

ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ሲል አራጋው አጅዋንግን ቢሮዋ ድረስ ሄዶ አነጋገራት። ጌጡ በሁለት እጁ ዶሮ እያሳደደ ነበር፤ ግራው ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ቢል ነው። ሐኪሙም ይበቃዋል ብሎታል። ስለዚህ ክስ ሳይመሠርት ቀረ። ይህን ያደረገው ግን መጠየቅ እንደሚችል፣ ጊዜው እስከ መቼ እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚተው አውቆ ነው። መብት አለኝ ብሎ ሳያውቅ እንደ ዕጣ ፈንታው ተቀብሎ ከሚቀመጠው ሰው የሚለየውም በዚህ ነው።

በመንደሩ የተገኘው ጥቅም ደግሞ ለእነሱ ቤት ብቻ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በክሊኒኩ ልጅ ሲወለድ ሲስተር አሪየት ከራሱ እስከ እግሩ በእናቱ ፊት ታየዋለች፤ ያበጠ ካለ አብጧል፣ የማይነሣ ካለ አይነሣም ብላ ትናገራለች፤ የሚያስፈልገውንም በዚያው ቀን ትልካለች። እናቶችም ይጠይቃሉ። ቀድሞ ክሊኒክ የሚሸሹት ሴቶች አሁን የሚመጡት፣ ክፉም ሆነ ደግ የሆነው እንደሚነገራቸው ስላወቁ ነው። አቶ ይግዛውም ለዚህ ነገር ከማንም በላይ ተከራካሪ ሆኑ፤ አሁን ሳይጠሩ የሚደርሱት ወላድ ያለችበት ቤት ነው። ሰው ቢሰለቻቸውም የሚናገሩት ትክክል ስለ ሆነ ያዳምጣቸዋል።

እታገኝ ሁለተኛ ልጇን በዚያው ክሊኒክ ወለደች፤ ሴት ነበረች። ሲስተር አሪየት በጨርቅ አድርቃ፣ ጀርባዋን አሽታ፣ ስታለቅስ ሰምታ፣ አግዳሚው ላይ ለሚጠብቁት አያቷ አወጣችላቸው። አቶ ይግዛው ጨርቁን ከኋላ በኩል ገለጥ አደረጉ። ሰማያዊው ጥቁረት ከወገቧ እስከ መቀመጫዋ ተጋድሟል።

«ማርያም ስማታለች» አሉ ቸኩለው። «ክንዷን አሳዩኝ።»